መንገዱ ሲዘጋ፦ ካርቴሉ፣ ማዛትላንና መውጫ ያጡ እንግዶች

ታኅሣሥ 27 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 5 ቀን 2023፣ ጎህ ሳይቀድ የሜክሲኮ ጦር ከሲናሎዋ ግዛት ዋና ከተማ ከኩሊያካን በስተሰሜን ወዳለች ኼሱስ ማሪያ ወደምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ገባ። የሄደው የሲናሎዋ ካርቴል የሚባለው የዕፅ አዘዋዋሪ ቡድን አለቃ የነበረውን የኤል ቻፖን ልጅ ኦቪዲዮ ጉዝማንን ሊይዝ ነበር። ያዘውም፤ በሄሊኮፕተር ጭኖ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ወሰደው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሰዓታት የሲናሎዋ ግዛት ቀጥ ብሎ ቆመ። በተኩሱ 10 ወታደሮችና 19 የካርቴሉ ታጣቂዎች መሞታቸውን መንግሥት አስታወቀ። የኩሊያካን፣ የማዛትላንና የሎስ ሞቺስ አውሮፕላን ማረፊያዎች ተዘጉ፤ ከ100 በላይ በረራዎች ተሰረዙ። ከኩሊያካን ሊነሳ የነበረ የኤሮሜክሲኮ አውሮፕላን ሰው እንደጫነ በጥይት ተመታ። ተሳፋሪዎቹ ልጆቻቸውን እንዳቀፉ በመቀመጫዎቹ መካከል ወለል ላይ ተኙ። ማንም አልቆሰለም።

ከኩሊያካን በስተደቡብ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ማዛትላን አለች። ከበረዶ የሚሸሹ ካናዳውያንና አሜሪካውያን የሚሞሏት የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ዳርቻዋን ተከትሎ የተሠራው የእግር መንገድ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ያን ቀን ለቁርስ የወረደው እንግዳ የሰማው፣ አውሮፕላን እንደሌለ፣ ወደ ኩሊያካን የሚወስደው መንገድ እንደተዘጋና ከሆቴል መውጣት እንደማይገባ ነው። በእርሱ ላይ የተኮሰ የለም። ስሙን የሚያውቅ፣ ገንዘቡን የሚፈልግም የለም። ሆኖም መውጣት አልቻለም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚህች በመጨረሻዋ ነገር ምክንያት ነው። ስለ ሜክሲኮ ካርቴሎች በአማርኛ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ አለቆቹ ሀብትና ጭካኔ ነው። መንገድ ላይ ስለሚቀረው ሰው የሚያወራ እምብዛም አይገኝም። የእኛም ሰው እዚያ አለ። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም ያልተቃጠለ የአሜሪካ ቪዛ ያለው ኢትዮጵያዊ ሜክሲኮ ለመግባት ሌላ ቪዛ አይጠየቅም፤ ስለዚህ ለሰርግ፣ ለጫጉላ፣ ለልደት ወደ ካንኩንና ወደ ሎስ ካቦስ መሄድ ቀላል ነው። ሀገሪቱም ለእኛ ባዳ አይደለችም። የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ነበር። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ አላት፤ ሜክሲኮ ሲቲም በምድር ባቡሯ ላይ ኢትዮጵያ የሚባል ጣቢያ አላት።

አሁን ወደ መንገዱ። ካርቴሉ መንገድ የሚዘጋው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው በፈረንጅ 2019 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ኦክቶበር 17 ይኸው ኦቪዲዮ ጉዝማን ኩሊያካን ውስጥ ትሬስ ሪዮስ በሚባል ሰፈር ተይዞ ነበር። ታጣቂዎች ከተማዋን በሰዓታት ውስጥ ቆራረጧት፤ መኪኖችን እያቃጠሉ መገናኛዎችን ዘጉ፤ ከአጓሩቶ ወኅኒ ቤት ወደ 50 የሚጠጉ እስረኞች አመለጡ። መንግሥት ሰውየውን ለቀቀው። ፕሬዚዳንት ሎፔስ ኦብራዶር ትእዛዙን የሰጡት እርሳቸው እንደሆኑ ኋላ ራሳቸው ተናግረዋል፤ ምክንያታቸውም ብዙ ሲቪል ሰው እንዳይሞት የሚል ነበር። ሕይወት ማዳኑን አልነቅፍም። ይሁን እንጂ ካርቴሎቹ ያን ቀን አንድ ነገር አረጋገጡ። ከተማን ማቆም ከተቻለ መንግሥትን ማስጨነቅ ይቻላል። ዘዴው ራሱ ከዚያም የቆየ ነው። ሜይ 1 ቀን 2015 ጦሩ የኻሊስኮውን ካርቴል አለቃ ሊይዝ ሲሞክር ታጣቂዎች ሄሊኮፕተር መትተው ጣሉ፤ በኻሊስኮ ግዛትም አውቶቡስ፣ ባንክና ነዳጅ ማደያ ተቃጠለ። በኦገስት 2022 ደግሞ ቲኹዋና ውስጥ መኪኖች ሲቃጠሉ እዚያ ያለው የአሜሪካ ቆንስላ ሠራተኞቹን ካላችሁበት አትንቀሳቀሱ ብሏል።

ሜክሲካውያን ለዚህ አንድ ቃል አላቸው፦ ናርኮብሎኬዮ። አሠራሩ ተራ ነው፤ የሚያስፈራውም ተራነቱ ነው። በሁለት ወይም በሦስት ፒክአፕ የመጡ ወጣቶች ድልድይ፣ የክፍያ መንገድ ጣቢያ ወይም ማዞሪያ የሌለው ጠባብ ቦታ ይመርጣሉ። የመጀመሪያውን ተሳቢ ወይም አውቶቡስ ያስቆማሉ። ሾፌሩንና ተሳፋሪዎቹን ያወርዳሉ። መኪናውን በአግድሙ ያቆሙታል፤ ጎማውን በጥይት ይመታሉ ወይም ቁልፉን ይዘው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ቤንዚን ያርከፈክፉና ይለኩሱታል። ተሳቢ የሚመርጡት ረጅም ስለሆነ ነው፤ አንዱ ብቻውን ሁለቱንም አቅጣጫ ይዘጋል። የተቃጠለ ተሳቢ ደግሞ በቀላሉ አይገፋም፤ ከባድ ክሬን ይጠይቃል። ክሬኑ እስኪመጣ እነርሱ ሌላ ቦታ ሁለት መኪና አቃጥለዋል። ከዚህ በተጨማሪ ፖንቻያንታስ የሚባል የብረት ኮከብ ይበትናሉ። አራት ሹል ያለው ሆኖ የተበየደ ስለሆነ እንዴትም ቢወድቅ አንዱ ሹል ወደ ላይ ይቆማል። ወታደር ይምጣ አምቡላንስ፣ ጎማው ይተነፍሳል።

እንግዲህ ነገሩን ከዚህ አንጻር ስታዩት፣ ለካርቴሉ የእናንተ ጥቅም አንድ ብቻ ነው፤ የምትነዱት መኪና። ሆቴል ውስጥ የተቀመጠ ሰው አያስፈልጋቸውም። መንገድ ላይ ያለ መኪና ግን ያስፈልጋቸዋል። በእነዚህ ቀናት ቱሪስት አደጋ ላይ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ ለመውጣት በሚያደርገው ጥድፊያ ነው። በረራዬ በ3 ሰዓት ነው፣ ሳይባባስ ልድረስ ብሎ ይነሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ቀልድ መሆኑ ይቀራል።

አውሮፕላን ማረፊያውስ? ብዙ ሰው የአየር ማረፊያ አጥር ውስጥ ከገባ የዳነ ይመስለዋል። የኩሊያካን አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያውን ከአየር ኃይሉ ጋር ይጋራል፤ 10ኛው የአየር ኃይል ሰፈር እዚያው ነው። ኦቪዲዮ በ2023 በተያዘበት ቀን ተጨማሪ ወታደር የሚያመጡ አውሮፕላኖች የሚያርፉት እዚያ ስለነበር ታጣቂዎቹም እዚያ ተኮሱ፤ የመንገደኛው አውሮፕላን የተመታው በዚህ መካከል ነው። ስለዚህ የተርሚናሉን መስታወት ተደግፎ መጠበቅ ከሆቴል ክፍል የተሻለ ደኅንነት አይሰጥም፤ አንዳንዴም የባሰ ነው። የማዛትላኑ ማረፊያ ደግሞ ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ በስተደቡብ ምሥራቅ ይገኛል። ማኮብኮቢያው ምንም ባይሆን እንኳ የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ነዳጅ ቀጂዎችና ሻንጣ ጫኞች ከቤታቸው ተነሥተው መድረስ አለባቸው። የእሳት አደጋ ቡድን በቦታው ከሌለ የመንገደኛ ጄት አያርፍም። አብራሪዎቹም ከተማ ውስጥ ሆቴል ነው ያደሩት፤ እንደ እናንተው ተዘግቶባቸዋል።

ወሬ ለማጣራት የሚጠቅም አንድ ዝርዝር እዚህ ላይ ልጨምር። የሜክሲኮ አውሮፕላን ማረፊያዎችን የሚያስተዳድሩት ኩባንያዎች የተለያዩ ናቸው። ኩሊያካንና ማዛትላን በኦማ ሥር ናቸው፤ ፖርቶ ቫያርታ፣ ጓዳላኻራና ሎስ ካቦስ በጋፕ ሥር፤ ካንኩን በአሱር ሥር። ማረፊያው መዘጋቱንና መከፈቱን ቀድሞ የሚያውቀው ይኸው ኩባንያ ነው። የሲናሎዋ ግዛት የጸጥታ ኃላፊም በዚያን ጠዋት ሕዝቡ ከቤት እንዳይወጣ በማኅበራዊ ሚዲያ ጽፎ ነበር። እነዚህን ሁለቱን ተከታተሉ። በዋትሳፕ የሚዞረውን ድምፅ ተዉት። የቆየ ቪዲዮ አዲስ ተብሎ የሚለቀቀው ልክ በእንዲህ ያለ ቀን ነው፤ ካርቴሎቹም ፍርሃቱን ለማስፋት ወሬ ይጠቀማሉ።

ክፍል ውስጥ የሚደረገው ነገር ብዙ አይደለም፤ ግን በቅደም ተከተል ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያ ከመስኮትና ከበረንዳ ራቁ። ካርቴሎቹ የጦር ሜዳ ጠመንጃ ነው የሚይዙት፤ መስታወት፣ በርና ቀጭን ግድግዳ አያቆመውም። ተኩስ ከተሰማ ሻወር ቤት ግቡና ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ በእናንተና በመንገዱ መካከል ሁለት ግድግዳ ይኑር። ክፍላችሁ ምድር ቤት ሆኖ ወደ መንገድ የሚያይ ከሆነ በውስጥ ግቢ በኩል እንዲቀይሩላችሁ ጠይቁ፤ በዚህ ቀን እምቢ የሚል የእንግዳ ተቀባይ አይኖርም። ጎማ ሲቃጠል ጭሱ መርዛም ነው፤ ፎጣ አርሳችሁ ከበሩ ሥር አድርጉ፤ ከውጭ አየር የሚስበውን ኤሲ አጥፉ።

ሁለተኛው ስልኩ ነው። ከበረንዳ ቪዲዮ አታንሱ። ካርቴሉ አልኮኔስ፣ ማለትም ጭልፊቶች፣ የሚላቸው ጠባቂዎች አሉት። በየመንገዱ ጥግ፣ በሞተር ሳይክል፣ ሱቅ በራፍ ላይ የሚቆሙ ናቸው፤ ሥራቸው ማን ምን እንደሚያይ ማየት ነው። ፊቱ የተቀረጸ ታጣቂ ቪዲዮው ለፌስቡክ ይሁን ለፖሊስ አያውቅም። ቪዲዮ መላክ ግድ ከሆነ ያላችሁበትን ቦታ የማይናገር ይሁን። ስልኩን ለአስፈላጊው ነገር አቆዩት፤ አንድ ዘመድ ብቻ መርጣችሁ ለእርሱ በየተወሰነ ሰዓት አጭር መልእክት ላኩ፤ ለሌላው ቤተሰብ እርሱ ያድርስ። አዲስ አበባ ያለች እናት በየአምስት ደቂቃው ስትደውል ባትሪው ማታ ሳይደርስ ያልቃል፤ የእርሷም ልብ አያርፍም። የሰዓት ቀጠሮ ያለው አንድ መልእክት ከአሥር ጥሪ የበለጠ ያረጋጋታል።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር አስቡ። የቧንቧው ለመጠጥ አይሆንም። ሆቴሎች ጋራፎን የሚባለውን 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ስለሚያስቀምጡ በመጀመሪያው ሰዓት የጠየቀ ያገኛል። ሱቆች ወዲያው ይዘጋሉ፤ በየጥጉ ያሉት የኦክሶ ሱቆች ደግሞ በኦገስት 2022 ኻሊስኮና ጓናኹዋቶ ውስጥ ራሳቸው ተቃጥለዋል። ኤቲኤምም ያልቃል፤ ገንዘብ የሚያመጣው መኪና የሚመጣው በዚያው በተዘጋው መንገድ ነው። ለሦስት ቀን የሚበቃ ፔሶ በትናንሽ ኖት ይዞ መገኘት ይበጃል፤ ባለ 500 ፔሶ ኖት የሚዘረዝር ያኔ አይገኝም።

መድኃኒት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው በቀላሉ የሚረሳው እርሱን ነው። የሰባት ቀን ጉዞ የሚሄድ ሰው የሰባት ቀን ኪኒን ይቆጥራል። አሥራ አራት ይቁጠር። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የደም ማቅጠኛና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አንድ ቀን መዝለል አይችልም። በሜክሲኮ ፋርማሲ ብዙ ነው፤ በእንዲህ ያለ ቀን ግን ዝግ ነው፤ አንቲባዮቲክና ቁጥጥር ያለበት መድኃኒትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም። የተከፈተ ኢንሱሊን አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ በታች 28 ቀን ያህል ይቆያል፤ መብራት ቢጠፋና ፍሪጅ ባይሠራ ወዲያው አትጣሉት፤ ፀሐይ ከማይደርስበት ከቀዝቃዛው ጥግ አኑሩት። መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ለአየር መንገድ አይሰጥም፤ በእጅ ቦርሳ ይሁን።

መንገድ ላይ ሳላችሁ ቢደርስባችሁስ? ምልክቱ ከሩቅ ይታያል። ከፊት ያሉ መኪኖች አራቱንም መብራት እያብለጨለጩ ይዞራሉ፤ ከተቃራኒው መስመር የሚመጣ መኪና ይጠፋል፤ ጥቁር ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ገና ሩቅ ሳላችሁ ዙሩና ወደ መጣችሁበት ከተማ ተመለሱ፤ የመንደር ኮረኮንች አቋራጭ አትፈልጉ፤ ካርታው ላይ ባዶ የሚመስለው መንገድ ባለቤት አለው። ቅርብ ከደረሳችሁና ታጣቂ ካያችሁ ግን በፍጥነት መዞር አይሆንም፤ የሚተኮሰው በሚሸሽ መኪና ላይ ነው። ቁሙ። ሞተር አጥፉ፤ ቁልፉን እዚያው ተዉት። እጃችሁ ይታይ። ውረዱ ሲሏችሁ ልጆቹን አስቀድማችሁ ውረዱ፤ ሻንጣ ለማውጣት አትመለሱ። ሳትሮጡ መኪናው ወደ መጣበት አቅጣጫ በእግር ሂዱ። ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ኪስ ውስጥ ወይም አንገት ላይ መሆን ያለበት ለዚህ ነው፤ ከመኪና ጋር የሚቃጠለው ሰነድ ብዙ ሳምንት ያስከፍላል። የመኪናው ጉዳይ በኋላ ነው። ተከራይታችሁ ከሆነ ስርቆትን የሚሸፍን ኢንሹራንስ መኖሩን ውሉ ላይ ከመነሻው እዩ፤ ካምፓኒው ዴኑንሲያ የሚባለውን ለዐቃቤ ሕግ የቀረበ አቤቱታ ወረቀት ሳያይ አይከፍልም። ያ ወረቀት ለጠፋ ፓስፖርትም ያገለግላል። ድንገተኛ ጥሪ በመላው ሜክሲኮ 911 ነው፤ በሀይዌይ ላይ ለመንገደኛ የሚደርሱት አረንጓዴዎቹ መላእክት የሚባሉት የጥገና መኪኖች በ078 ይገኛሉ።

ሰነድ ካነሳሁ ዘንድ፣ ግሪን ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ አንድ ነገር ልብ ይበል። የአሜሪካ ኤምባሲ በእንዲህ ያለ ቀን የሚያገለግለው በዋናነት ዜጎቹን ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ስቴፕ በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የተጓዦች መመዝገቢያ ተመዝግቦ ማስጠንቀቂያው በኢሜይል ይደርሰዋል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ደግሞ በቅርብ የሚያገለግለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የትኛው እንደሆነ ከመሄዱ በፊት ይጠይቅ። ግሪን ካርዱ ከተቃጠለ ወይም ከተሰረቀ አየር መንገዱ አያሳፍረውም። መውጫው አይ-131ኤ የሚባል ፎርም ነው፤ ክፍያው በኢንተርኔት ይከፈላል፣ ከዚያ በአካል ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይኬዳል፣ ለአውሮፕላን መሳፈሪያ የሚሆን ማለፊያ ይሰጣል። ከአሜሪካ ከወጣ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው ይህን የሚጠቀመው። የካርዱ ፊትና ጀርባ፣ የፓስፖርቱም የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ በኢሜይል ተቀምጦ ከተገኘ ሥራው በብዙ ያጥራል።

ለጥቁር ተጓዥ ሌላ ክብደት ያለው ጉዳይ አለ። ማርች 3 ቀን 2023 ለውበት ቀዶ ሕክምና ከደቡብ ካሮላይና ወደ ሜክሲኮዋ የድንበር ከተማ ማታሞሮስ የተሻገሩ አራት አሜሪካውያን ታፈኑ፤ ሁለቱ ተገደሉ። ሁሉም ጥቁሮች ነበሩ። ባለሥልጣናት ታጣቂዎቹ የሄይቲ ዕፅ አመላላሾች መስለዋቸው ሊሆን እንደሚችል ተናግረዋል። ለዚህ ነው የድንበር ከተሞችን በመኪና አትሻገሩ የምለው፤ ሐኪሙ የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን።

መንገዱ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚወጣ ይመስለዋል። የማዛትላን ማረፊያ በማግሥቱ ተከፈተ፤ ወረፋው ግን ሌላ ነገር ነው። ሒሳቡን እንዲህ አስቡት። የአንድ ቀን አንድ በረራ ተሰርዞ 180 ሰው ቀረ እንበል። በሚቀጥሉት በረራዎች በእያንዳንዱ 12 ባዶ ወንበር ቢኖር ያን 180 ሰው ለማንሳት 15 በረራ ያስፈልጋል። አየር መንገዱ በቀን ሦስት በረራ ካለው አምስት ቀን ነው። ስለዚህ ማረፊያው ዝግ ሳለ፣ ገና ጭሱ ሳይጠፋ፣ በመተግበሪያው ወይም በስልክ ቀኑን አስቀይሩ፤ ባንኮኒው ፊት መሰለፍ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። ሌላ ከተማም ጠይቁ። ከማዛትላን ወደ ዱራንጎ ተራራውን አቋርጦ የሚሄድ የክፍያ መንገድ አለ፤ ወደ ባኻ ካሊፎርኒያ የሚሻገር ጀልባም አለ። ሁለቱም የሚታሰቡት መረጋጋቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

የገንዘቡ ነገር እንደምትበሩበት ሀገር ይለያያል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ በረራ ተሰርዞ የቀረበላችሁን ሌላ በረራ ካልተቀበላችሁ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ገንዘባችሁ ይመለሳል፤ በክሬዲት ካርድ የተከፈለው በ7 የሥራ ቀናት፣ በሌላ መንገድ የተከፈለው በ20 ቀን ውስጥ። ቫውቸር ቀድመው ከሰጧችሁ አትቸኩሉ፤ እርሱን መቀበል ጥሬ ገንዘቡን መተው ሊሆን ይችላል። የሆቴልና የምግብ ወጪ ግን አየር መንገዱ በዚህ ምክንያት የመክፈል ግዴታ የለበትም። በአውሮፓ አየር መንገድ ወደ አውሮፓ የሚመለስ ሰው ሕጉ ይሻለዋል፤ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ቢኖርም እንኳ አየር መንገዱ ማደሪያና ምግብ ማቅረብ አለበት። 600 ዩሮ የሚባለው ካሳ ግን በዚህ ሁኔታ አይገኝም። በጉዞ ኢንሹራንስ ውል ላይ ሦስት ቃላት ፈልጉ፦ ሽብር፣ ሕዝባዊ ሁከትና ጦርነት። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2025 አሜሪካ የሲናሎዋንና የኻሊስኮን ጨምሮ የሜክሲኮ ካርቴሎችን አሸባሪ ብላ መዝግባለች፤ ይህ ማለት ግን ኢንሹራንሱ ይከፍላል ማለት አይደለም፤ የሚወስነው ውሉ ሽብርን የተረጎመበት ዐረፍተ ነገር ነው። ሁከቱ በዜና ከተሰማ በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ ለዚያ ሁከት አይከፍልም። የአሜሪካ መንግሥት አትሂዱ የሚል ደረጃ 4 ማስጠንቀቂያ ወዳወጣበት ግዛት መሄድም አንዳንዱን ውል ያፈርሳል፤ ሲናሎዋ ከእነዚህ አንዷ ሆና ቆይታለች። የተሰረዘበትን መልእክት ፎቶ አንሱ፤ ደረሰኝ አትጣሉ።

ስለ እንግዳው ይህን ያህል ካልኩ ስለ አስተናጋጁ ዝም ማለት አልችልም። እንግዳው ሆቴል ውስጥ ታግዶ ቢውልም ምግብ የሚያበስልለት ሰው አለ። ያ ሰው ጠዋት ለስምንት ሰዓት ሥራ ገብቶ መመለሻ አጥቷል። ልጆቹ በማግሥቱ በሚከበረው የሦስቱ ነገሥታት በዓል ስጦታ ይጠብቁ ነበር። ታክሲ ነጂው ያን ቀን ካልሠራ ያን ቀን አይበላም፤ መኪናው ከተቃጠለች ደግሞ ዕድሜ ልኩን የሠራበት ንብረት ነው። ሴፕቴምበር 2024 የካርቴሉ ሁለት ክንፎች፣ የኤል ቻፖ ልጆችና የሌላው የካርቴሉ መሥራች የኤል ማዮ ሰዎች፣ እርስ በርስ ጦርነት ከጀመሩ ወዲህ የሲናሎዋ ሕዝብ ይህን ኑሮ እንደ አንድ ቀን አደጋ ሳይሆን እንደ ወቅት ለምዶታል። በ2011 ትልልቅ የመርከብ ኩባንያዎች ማዛትላንን ሲተዉ ወደቡ ለሁለት ዓመት ያህል ጭር ብሎ ነበር። ሆቴል ውስጥ ተጨማሪ ሌሊት ያደራችሁ እንደሆነ ለጽዳት ሠራተኛዋና ለወጥ ቤቱ ሰው በእጃቸው፣ በፔሶ ስጡ፤ በካርድ የተከፈለ ጉርሻ እነርሱ ጋር ላይደርስ ይችላል።

መውጫ ያጣ ሁሉ ሆቴል የለውም። ከብራዚል ተነሥተው በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ባለው በዳሪየን ጫካ አልፈው የደቡብ ሜክሲኮ ከተማ ታፓቹላ የደረሱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች አሉ። እነርሱም በዚያው መንገድ ነው የሚሄዱት፤ ለእነርሱ ግን ካርቴሉ መኪናቸውን አይፈልግም፤ የሚፈልገው እነርሱን ነው፤ ታፍነው ዘመድ ገንዘብ እንዲልክ። ኦገስት 2010 ሳን ፈርናንዶ፣ ታማውሊፓስ ውስጥ 72 ስደተኞች ዜታስ በሚባለው ካርቴል እጅ ተጨፍጭፈዋል። የአሜሪካ መንግሥት ስደተኞች በድንበር ለመግባት ቀጠሮ ይይዙበት የነበረውን የስልክ መተግበሪያ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ከዘጋ ወዲህ ብዙዎች ወደፊትም ወደኋላም ሳይሉ ሜክሲኮ ውስጥ ቀርተዋል። ወንድሟ በዚያ መንገድ ላይ ያለ ኢትዮጵያዊት፣ ሜክሲኮ መንገድ ተዘጋ የሚለውን ዜና ከካንኩን ቱሪስት በተለየ ጆሮ ነው የምትሰማው። በዚህ ሰዓት ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ደውሎ ወንድምሽ በእጃችን ነው ካለ፣ ገንዘብ ከመላክ በፊት የወንድሟን ድምፅ መስማትና እርሱ ብቻ የሚያውቀውን ጥያቄ መጠየቅ አለባት፤ ያልታፈነ ሰው ታፍኗል እያሉ ገንዘብ መቀበል እዚያ የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው።

ሆቴሉ መውጣት ይቻላል ሲል የመጀመሪያውን መኪና አትሁኑ። ቢቻል አንድ ሌሊት ይለፍ። ነዳጁ ሙሉ፣ ጉዞው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ይጀምር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረሻችሁ ላይ ሁኑ። በክፍያ መንገዱ ሂዱ፤ ነጻው መንገድ ረጅምና ጠባቂ የሌለው ነው። የተቃጠለ ተሳቢ የነበረበት ቦታ አስፋልቱ ቀልጦ ጎርበጥባጣ ስለሚሆን በዝግታ እለፉ። ብረቱን ክሬን ሲያነሳው ዳር ዳሩ ላይ የቀረው የጎማ ሽቦና የተበተነው ፖንቻያንታስ ሳሩ ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ ሽንት ለመሽናትም ሆነ ፎቶ ለማንሳት ከአስፋልቱ ወርዳችሁ አትቁሙ። ጎማ ቢተነፍስ እስከሚቀጥለው የክፍያ ጣቢያ ቀስ እያላችሁ በቸርኬው ንዱ፤ እዚያ መብራት፣ ሰውና ስልክ አለ።